መንጠቆ

ፊደል የቆጠርኩት ስልሳ ሁለት ሞልቶኝ፣
ማዕበሉ ሲበረታ፣ ባሕር ሲከለክለኝ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከጸሎት ቤት ጓሮ፣
የጄጁ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲመታው እንደ ከበሮ።
መምህሬ ወጣት ነው፣ ገና ጢም ያላበቀለ፤
"እማማ ቹኖክ፣ ይህንስ?" ባለ ቁጥር፣ "ይህንስ?" ባለ፣
ፊደሉ እንደ ዓሣ ከጣቴ ኮበለለ።
አንድ ምልክት ብቻ ተይዞ ቀረልኝ፤
ከአንገቱ የጎበጠ፣ ከግርጌው ነጥብ ያለው፤
ከዓለት ስንጥቅ ውስጥ ዛጎል የምስብበት
የራሴ መንጠቆ ወረቀት ላይ ወጥቶ ቁጭ ያለ መሰለኝ።

"ጥያቄ ነው" አለኝ፤ "መጽሐፉ ሞልቷል በሱ።"
"ሁሉን አያውቅም ወይ? ጥያቄ ምን ሊሠራ ነው ለሱ?"
ማጅራቱን አከከ። "እጠይቃለሁ" አለ፣ "ለሚመጣው ማክሰኞ"፤
ማክሰኞው ደረሰ፤ መልሱ ግን ገና ሰኞ።

ከዚያ ወዲህ እኔ፣ ሌላውን ሁሉ ዘልዬ፣
መንጠቆ አድናለሁ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣ ቀይ እርሳሴን ስዬ።
"የት ነህ?" ይላል አንዱ፣ ገና ከመጀመሪያው፣
ከቅጠል ሥር ገብቶ ለተሸሸገው ሰው።
(እኔማ የት እጠፋለሁ? ውሃ ውስጥ ነው ያለሁት።)
ወረድ ብሎ "ወንድምህስ የት አለ?" ሲለኝ፣
ያን ገጽ ገለጥኩት፣ እንደ ፍም ቢፈጀኝ።

እህቴ ቡንሺምን ካነጋገርኳት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፤
የአባታችን ጀልባ ተሸጦ፣ ድርሻዬን ስለበላችበት።
አንድ ባሕር ውስጥ እንጠልቃለን፣ አንድ እሳት እንሞቃለን፣
ዓይናችን የተጋጨ እንደሆን፣ ድንጋይ እናያለን።

"ልትድን ትወዳለህ?" — ከኩሬ ዳር፣ ምንጣፉ ላይ ላረጀ!
ይህንስ ሳነብ ሳቅሁ፤ ማን ነው ደዌውን የሚመርጥ?
ሌሊት ግን እንቅልፍ ነሣኝ፣ ደዌዬን ሳገላብጥ።
ከዚያ ደግሞ በምድረ በዳ፣ የሰው በግ ለሚጠብቅ ስደተኛ፦
"በእጅህ ያለው ምንድን ነው?"
በትር ነዋ። "የኔማ ቢላ ነው" አልኩ፣ መጽሐፉን ከድኜ ልተኛ።

ጥቅምት ነበር። አንድ ትንፋሽ ለዐሥራ አምስት ክንድ ሰንቄ፣
ጆንቦክ አየሁ፣ ሰሃን የሚያህል ዛጎል፣ ከዓለቱ ሥር ጠልቄ።
ቢላዬን ከሥሩ ሰደድኩት፤ ዛጎሉ ነክሶ ያዘ፤
የቢላው ማሰሪያ ከአንጓዬ ተጠምጥሞ፣ እጄ አብሮ ተያዘ።
ጎተትኩ። ጎተተኝ።
ደረቴ ውስጥ እሳት ተነሣ።
አሮጊቶቻችን ይሉ ነበር፦ "ባሕርስ ሰው አትገድልም፤ ስስት ነው።"

ያኔ መጣ። ድምፅ አልነበረም።
መንጠቆ ነበር፣ እዚህ፣ ከጎድኔ በታች የገባ፦
ቹኖክ፣ በእጅሽ ያለው ምንድን ነው?

ቢላ፣ ጌታዬ። ጆንቦክ። የጆንቦኩ ዋጋ።
የአባቴ ጀልባ። የእህቴ ዕዳ፣ ከነወለዱ፣
ሌሊት ሌሊት የማሰላው።
ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ "ማንንም አልለምን" ብዬ ያነቅሁት ኩራት።
ይህ ሁሉ በአንድ እጅ! እኔ ቢላ ብቻ ነው ብዬ ነበር።

ውሃ ውስጥ አሜን አይባልም።
እጅ ግን ይከፈታል።
ማሰሪያውን ከአንጓዬ አወለቅሁ።
"እንካ" አልኩ በሆዴ፣ "እኔንም ጨምረህ።"

የወጣሁበትን አላውቅም። ፉጨቴን ብቻ ሰማሁ፤
ከጥልቁ የምንመለስ ሁላችን
እንደ ወፍ የምናፏጨውን ትንፋሽ።
አጠገቤ ቡንሺም ነበረች፣ ተንሳፋፊ ቅሏን ታቅፋ፣ ፊቷ ነጥቶ።
"ምን ሆንሽ?" አለችኝ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፤ አንድ መንጠቆ።
ባዶ እጄን አሳየኋት። ጨብጣ ወደ ቅሉ ሳበችኝ።

ማክሰኞ መምህሬ እየሮጠ መጣ። "አገኘሁት" አለ፤
"እማማ፣ እግዜር ለምን እንደሚጠይቅ —"
"ቆየኝ፣ የኔ ልጅ፤ ቢላዬ ገና እዚያ ታች አለ።
ይልቅስ ያን የዘለልኩትን ገጽ ግለጥልኝ።"